ከቧንቧ እስከ ኩባያ፤ ለክፉ ቀን ስለሚቀመጥ የመጠጥ ውኃ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ውኃ እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ከአድማጮቼ ብዙዎቹ ስለ ግድቦች፣ ስለ ማጣሪያ ጣቢያዎችና ስለ ታላላቅ የቧንቧ መስመሮች የሚወሳበት ንግግር ይጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ከነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ የሚመስለውን ነገር ነው፤ ይኸውም ከበር ኋላ፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከማድ ቤት ጥግ ተቀምጦ የሚገኘው ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ነው። ግድቡና ማጣሪያው የመንግሥትና የመሐንዲሶች ኀላፊነት መሆናቸው የታወቀ ሲሆን፣ የጀሪካኑ ነገር የማን ኀላፊነት እንደሆነ በውል ተለይቶ አያውቅም። በመሆኑም ማንም ሳይመረምረው የሚታለፍ፣ ነገር ግን የብዙ ሕፃናት ሕይወት የተንጠለጠለበት ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል።

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከመነሻው ላስቀምጥ። ለክፉ ቀን ውኃ ማስቀመጥ ማለት ውኃ ማከማቸት ብቻ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃ በቤት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል፤ የሚያበላሸውም ብዙውን ጊዜ ወደ ዕቃው የሚገባው እጅና መጥለቂያ ነው። ስለዚህ ስንት ሊትር አለ ብለን ከመጠየቃችን አስቀድመን፣ ውኃው ያለበት ዕቃ አፉ ምን ያህል ይሰፋል፣ ውኃውስ እንዴት ይወጣል ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንኑ ነው። የውጭ አገር ጥናቶችን ዓመት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ጉዳይ የምናገረው ግን ዓመተ ምሕረት እያልሁ በራሳችን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ክፉ ቀን የምንለው ምንድን ነው?

«ድንገተኛ አደጋ» የሚለው ቃል ሲነሣ በአእምሯችን የሚመጣው ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ወረርሽኝ ነው። እነዚህ በአገራችን ያልታዩ አይደሉም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ከማለቁ በላይ የተረፈው ሕዝብ በጎርፍ ተከቦ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ቸግሮት ነበር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቅቀው ሄደዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ታንከር የትም አይከተልም፤ የሚከተለው በእጅ የሚያዝ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ብቻ ነው። ወረርሽኝን በተመለከተም በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሕዝቡ አተት ብሎ የለመደው በሽታ፣ አዲስ አበባን ጭምር ማስጨነቁን፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ ለረጅም ጊዜ መቆየቱን ከእናንተ መካከል በሥፍራው ተገኝታችሁ የሠራችሁ ታውቃላችሁ።

ይሁን እንጂ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የተለመደው ክፉ ቀን ድምፅ የሌለው ነው። ቧንቧው ይከፈታል፤ አየር ብቻ ይወጣል። በአዲስ አበባና በብዙ የክልል ከተሞች ውኃ በፈረቃ የሚያገኙ ሠፈሮች ጥቂት አይደሉም። የከተማችን ውኃ ከፊሉ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከፊሉም በአቃቂና በሌሎች ሥፍራዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣ ነው። የጉድጓዱ ውኃ በፓምፕ ካልተገፋ ወደ ከተማው ከፍታ አይወጣም፤ ፓምፑም ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ውኃም ተከትሎ ይጠፋል። እንግዲህ ለእኛ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታሰብ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚኖር ኑሮ ነው።

ይህ ሁኔታ ችግር ብቻ ሳይሆን ዕድልም አለው። በሌላ አገር ሕዝቡ ውኃ እንዲያስቀምጥ ለማግባባት ብዙ ይደከማል። የእኛ እናቶች ግን ማንም ሳይመክራቸው ያስቀምጣሉ። የቀረን ነገር ያስቀመጡት ውኃ ለመጠጥ እንደበቃ እንዲቆይ ማገዝ ነው። ይህንንም ማድረግ ያለብን አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ ነውና።

ውኃው የሚበላሸው የት ላይ ነው?

በሙያችን የቆየ ልማድ አለ። ውኃን የምንመረምረው በምንጩ፣ በማጣሪያው፣ በማጠራቀሚያው፣ ቢበዛም በቦኖውና በቧንቧው ጫፍ ላይ ነው። በዚያ የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ከሆነ መዝገባችን ላይ «ደኅና» ብለን እንጽፋለን። ነገር ግን ቧንቧው ላይ አፉን ደቅኖ የሚጠጣ ቤተ ሰብ የለም። ውኃው ይቀዳል፤ በሸክም ወይም በጋሪ ይጓዛል፤ ከጀሪካን ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ በርሜል ይገለበጣል፤ ቀናትን ይቆያል፤ ከዚያም በጣሳ ወይም በጆግ ተጠልቆ ለሕፃኑ ይሰጣል። በ2004 ልዩ ልዩ የታዳጊ አገሮች ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፣ በምንጩ ላይ ንጹሕ የነበረ ውኃ ከተቀዳ በኋላ በብዙ ሥፍራ በተሕዋስያን እየተበከለ እንደሚሄድ አሳይቷል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በቤት ለቤት ጉብኝት ያየን ሁሉ እናውቀዋለን። በርሜሉ አፉ ሰፊ ነው፤ ክዳኑ ሳንቃ ወይም ትሪ ነው። መጥለቂያው ጣሳ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ልጆች ያነሡታል፤ እንደገና ውኃው ውስጥ ይገባል። ጣሳው ሲገባ ጣቶችም አብረው ይነከራሉ። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ተቅማጥ ይዞት እንደሆነ በዚያች ቅጽበት በሽታው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይታደላል። በቤት ውስጥ ያለን ውኃ ቀለሙ አይለወጥም፤ ሽታውም አይለወጥም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው የአበው አነጋገር ለወንዝ የተነገረ ቢሆንም በበርሜል ላለው ጸጥተኛ ውኃም የሚስማማ ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ጥናቶችን ማንሣት እወዳለሁ። የመጀመሪያው በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ የችግረኞች ሠፈር ተደርጎ በ1986 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ ኮሌራ የያዘው ሰው ያለባቸውን ቤተ ሰቦች በሦስት መደቡ። ለአንደኛው ቡድን ምንም አልተደረገለትም። ለሁለተኛው የመጠጥ ውኃው በክሎሪን እንዲታከም ተደረገ። ለሦስተኛው ግን ሶራይ የሚባል አንገቱ ጠባብ የሆነ የአገሩ ማሰሮ ብቻ ተሰጠው። ምንም ካልተደረገላቸው ቤተ ሰቦች አባላት መካከል 17.3 በመቶ የሚሆኑት በኮሌራ ተሕዋስ ተይዘው ሲገኙ፣ ክሎሪን በተሰጣቸው ዘንድ 7.3 በመቶ፣ ጠባብ አንገት ያለው ማሰሮ በተሰጣቸው ዘንድ ግን 4.4 በመቶ ብቻ ሆነ። ክሎሪኑ ጠቅሟል፤ የማሰሮው አንገት ግን ከክሎሪኑ ያላነሰ ጠቅሟል። ይህ ውጤት በየቢሯችን ተጽፎ ሊሰቀል የሚገባው ይመስለኛል።

ሁለተኛው በማላዊ በነበረ የሞዛምቢክ ስደተኞች መጠለያ በ1993 የተደረገ ነው። እዚያ ለተወሰኑ ቤተ ሰቦች ክዳኑ የማይነቀልና ማፍሰሻ አፍ የተሠራለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሲታደላቸው፣ ሌሎቹ በተለመደው ክፍት ባልዲ ይጠቀሙ ነበር። በአዲሱ ባልዲ ውስጥ የነበረው ውኃ ብክለት በ69 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ የታየው ተቅማጥም በ31 በመቶ ያነሰ ሆነ። የውኃው ምንጭ ያው ነበር፤ የተለወጠው ዕቃው ብቻ ነበር።

በ1991 ኮሌራ ወደ ፔሩ ገብቶ ላቲን አሜሪካን ባዳረሰ ጊዜም የጤና ተቋማት ከደረሱባቸው መደምደሚያዎች አንዱ ይህ ነበር። ከዚያ ልምድ የተገኘው «ንጹሕ ውኃ በቤት» የተባለው ዘዴ በሦስት እግሮች የቆመ ነው፤ በቤት ውስጥ ውኃን ማከም፣ በማይነካ ዕቃ ማስቀመጥ፣ የቤተ ሰቡንም ልማድ ማስተካከል። እኛ በአብዛኛው የተቀበልነው የመጀመሪያውን እግር ብቻ ነው፤ «አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን አስተምረናል። ፈልቶ ወደ ሰፊ አፍ በርሜል የተመለሰ ውኃ ግን ምንም መከላከያ የለውምና ከአንድ ጥልቂያ በኋላ ድካሙና እንጨቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

እንስራና ጀሪካን

ጠባብ አንገት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። እንስራና ገምቦ ሆዳቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ጠባብ ሆኖ የተሠሩት በጀርባ ሲታዘሉ ውኃው እንዳይፈስስ ቢሆንም፣ በዚያው እጅ እንዳይገባባቸው አድርጓቸዋል። ውኃው ይንቆረቆራል እንጂ አይጠለቅም። ሸክላው በላብ መልክ ጥቂት ውኃ ስለሚያስተንን ውስጡ ይቀዘቅዛል። በሌላ በኩል ሸክላ ብስና ሻካራ በመሆኑ ውስጡን በደንብ ማጠብ ያስቸግራል፤ ክሎሪንም በሸክላ ዕቃ ውስጥ ከፕላስቲክ ይልቅ ፈጥኖ ኀይሉን ያጣል። በወይራ ማጠንም ውኃውን መልካም መዓዛ ይሰጠው እንደሆነ እንጂ ተሕዋስያንን ከማከም የሚቆጠር አይደለም።

የምግብ ዘይት ይዞ የመጣው ቢጫ ጀሪካን የእንስራን ቦታ ሲወስድ፣ ሳናስበው የእንስራን መልካም ጠባይ ይዞልን መጥቷል፤ አፉ ጠባብ ነው፤ ይዘጋል፤ ይንቆረቆራል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ክዳኑ ቶሎ መጥፋቱ ነው። ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን በፌስታል ወይም በጨርቅ ውታፍ ተደፍኖ ስናይ ትንሽ ነገር አድርገን እናልፈዋለን፤ ነገር ግን የዕቃውን ግማሽ ጥቅም ያጠፋው ያ የጠፋ ክዳን ነው። ሁለተኛው ውስጡን እጅ ስለማይደርስበት ታጥቦ አለማወቁ ነው። ጊዜ ሲቆይ በግድግዳው ላይ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይይዛል፤ ብርሃን ካገኘውም አረንጓዴ ይሆናል። በዚያ ሽፋን ውስጥ ተሕዋስያን ተጠልለው ይኖራሉ፤ የሚጨመረውንም ክሎሪን ይበሉታል።

በርሜልና ባልዲ ጨርሶ ይወገዱ ማለቴ አይደለም። ለልብስ፣ ለዕቃና ለመጸዳጃ የሚሆነው ውኃ በዚያ ይቀመጥ። የመጠጡ ውኃ ግን ለብቻው ተለይቶ፣ ጠባብ አፍ ባለው ወይም ክዳንና ማፍሰሻ ቧንቧ ባለው ዕቃ ይሁን። ይህ መለየት ራሱ ታላቅ ቁም ነገር ነው፤ 200 ሊትር ውኃ በንጽሕና መጠበቅ ለአንዲት እናት የማይቻል ሲሆን፣ 20 ሊትር መጠበቅ ግን ይቻላታል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

በየቀበሌው የምታስተምሩ ባልደረቦቼ ልትይዙት እንድትችሉ ሥራውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንደኛ፤ የዕቃ ምርጫ። ለመጠጥ ውኃ የሚመረጠው ምግብ ነክ ነገር የነበረበት ወይም አዲስ የሆነ ዕቃ ነው። ፀረ ተባይ፣ ነዳጅ፣ ቀለም ወይም የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ የጠጣውን መልሶ ያወጣልና።

ሁለተኛ፤ ማጠብ። ጀሪካኑ ውስጥ ንጹሕ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ከሳሙናና ከጥቂት ውኃ ጋር ጨምሮ አጥብቆ መናጥ፣ ከዚያም አሸዋው እስኪወጣ ድረስ ማለቅለቅ ይገባል። ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና በጥብጦ፣ ያ ውኃ የዕቃውን ውስጥ ሁሉ እንዲነካ አገላብጦ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አቆይቶ መድፋትና በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ክዳኑም አብሮ ይታጠብ።

ሦስተኛ፤ መቅዳት። በፈረቃ ውኃ በሚሄድበት ሠፈር ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲቆይ፣ በስንጥቁ በኩል ከአካባቢው አፈር ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ውኃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ለልብስና ለመጸዳጃ ይያዝ፤ ለመጠጥ የሚቀዳው ጠርቶ ከወረደ በኋላ ይሁን። በቦቴ የመጣ፣ ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ግን ሳይታከም አይጠጣ።

አራተኛ፤ ማከም። ውኃው ደፍርሶ እንደሆነ አስቀድሞ ይዝቀጥ፤ ከላይ የጠራው በንጹሕ በታጠፈ ጨርቅ ይጠለል። ማጣራት ያለ ማከም አይበቃም፤ በድፍርስ ውኃ ላይ ክሎሪን መጨመርም በከንቱ ማባከን ነው። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የውኃ ማከሚያ ሲገኝ በላዩ እንደተጻፈው መጠቀም ከሁሉ ይመረጣል። ይህ በማይገኝበት ጊዜ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት፣ ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ የሆነ የቤት በረኪና ለአንድ ሊትር ጥሩ ውኃ 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ይኸውም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ የሚያንስ ይጨመራል። ውኃው ጥቂት ድፍርስነት ከቀረበት መጠኑ እጥፍ ይሁን። ክዳኑ ተዘግቶ 30 ደቂቃ ይቆይ። ሲከፈት ለስለስ ያለ የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ያንኑ መጠን ደግሞ ጨምሮ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በረኪና ሲቆይና ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚደክም፣ ያረጀ በረኪና በጠብታ ቆጠራ ብቻ አይታመንም። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ማፍላት ለሚመርጡ ደግሞ፣ ውኃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል በሚያልፍ አገር ደግሞ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል። ማፍላት ክሎሪን የሚያቅታቸውን አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያን ጭምር ያጠፋል። የፈላው ውኃ በፈላበት ዕቃ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ፤ ቀጥሎም በታጠበ ጠባብ አፍ ዕቃ ይቀመጥ። በስምጥ ሸለቆ ላላችሁ ባልደረቦች አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ፍሎራይድ የበዛበትን ውኃ ማፍላትም ክሎሪንም አያሻሽለውም፤ እንዲያውም በማፍላት ውኃው ሲተን የቀረው ይበረታል። ያ ሌላ መፍትሔ የሚሻ ችግር ነው።

አምስተኛ፤ ማስቀመጥና መጠቀም። የመጠጡ ጀሪካን ከመሬት ከፍ ባለ፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ከነጭ ጋዝና ከፀረ ተባይ በራቀ ቦታ ይቀመጥ። ለክፉ ቀን ተብሎ የተዘጋ ውኃ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይለወጥ፤ በፈረቃ በሚኖር ቤት ግን ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ የተቀዳውን አስቀድሞ መጠጣት፣ ባዶ የሆነውንም ወዲያው አጥቦ መሙላት ነው። የታከመ ውኃ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቅ። ውኃው ይንቆርቆር እንጂ አይጠለቅ።

ስንት ሊትር ይበቃል? አቅሙስ የማን ነው?

በአደጋ ጊዜ ርዳታ የሚመራበት የስፌር መመሪያ ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን ከ2.5 እስከ 3 ሊትር፣ ለሁሉም አገልግሎት ደግሞ ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህን እናስላው። ለመጠጥና ለምግብ በቀን 15 ሊትር ማለት ነው። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሞላ ቤት ለአራት ቀን የሚጠጣው አለው። ይህ ብዙ ነው ሊባል አይችልም፤ ሆኖም የቧንቧ ጥገና ወይም የጎርፍ መንገድ መዘጋት በሚፈጥረው የመጀመሪያ ጭንቅ ቤተ ሰቡ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎርፍ ውኃ እንዳይሄድ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ውስጥ አንድ ሊትሩን በተለይ አስቡት። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ከሞት የሚያድነው የኦ አር ኤስ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ከ24 ሰዓት በላይም አይቆይም። መንገድ በተዘጋበት፣ ጤና ጣቢያ በራቀበት ሌሊት፣ መድኃኒቱ በቤት ኖሮ ንጹሕ ውኃ ሊትር ቢታጣ፣ ወይም መድኃኒቱ በሽታውን ባመጣው በዚያው ውኃ ቢበጠበጥ፣ ጥፋቱ የማን ሊባል ነው?

ከዚህ ላይ ግን በቅንነት ልናስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ሦስት ሙሉ ጀሪካን 60 ኪሎ ያህል ነው። የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ከአምስት ልጆች ጋር ለምትኖር እናት፣ ውኃንም በጀሪካን ለምትገዛ፣ «የአንድ ሳምንት ውኃ አስቀምጪ» ማለት ምክር ሳይሆን ወቀሳ ይሆንባታል። ለርሷ የሚመከረው ከአቅሟ የሚጀምር ነው፤ አንድ ጀሪካን ለመጠጥ ብቻ ተለይቶ፣ ክዳን ኖሮት፣ ታጥቦና ታክሞ ይቀመጥ። አንድ ንጹሕ ጀሪካን ከአንድ ክፍት በርሜል ይበልጣል።

የቀረውን ግን የግለሰብ ጓዳ ሊሸከመው አይገባም። በአገራችን ለክፉ ቀን ተብሎ የተቋቋመ ሕዝባዊ ድርጅት ቢኖር እድር ነው። እድር ድንኳን፣ ድስት፣ ሳሕንና ወንበር ይገዛል፤ ያስቀምጣል፤ ቆጥሮ ይረከባል። ታዲያ ክዳኑ የሚጠብቅ አንድ ታንከር፣ ጥቂት ንጹሕ ጀሪካኖችና የዓመት የውኃ ማከሚያ በዚያው መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ ንብረት ክፍሉም በየወሩ ቢያየው ምን ይከለክላል? የሠፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አጠባበቁን ብታስተምር፣ የእድሩ ዳኛ ቢያስፈጽም፣ የድኻዋም እናት ድርሻ በዚያ ይጠበቅላት ነበር። ትምህርት ቤቶችና የእምነት ተቋማትም በግቢያቸው የተከሉትን ታንከር አፉን ከድነው፣ በየጊዜው አጥበው፣ ማፍሰሻውን ከመሬት ከፍ አድርገው ቢይዙት እንዲሁ ለሠፈሩ መጠጊያ ይሆናሉ።

የሙያችን ድርሻ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹን የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ካሠለጠነበት ጊዜ ጀምሮ ሙያችን ምንጭ አጎልብቷል፤ ጉድጓድ አስከድኗል፤ መጸዳጃ አስቆፍሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የውኃን ንጽሕና ከመነሻ ጥቅሎቹ ውስጥ አካትቶ ትምህርቱን እስከ ቤት በር አድርሷል። ይህ ሥራ የሚያኰራ ነው። ሆኖም ሥራችን ከበሩ መግቢያ ላይ ቆሟል። እስከዚያ የደከምንበት ንጹሕ ውኃ በመጨረሻዋ አንዲት ስንዝር፣ ከዕቃው እስከ ኩባያው ባለችው ርቀት ሲበላሽ፣ ቁጥራችን «ደኅና» እያለ ሕፃኑ ይታመማል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ የውኃ ናሙና ስንወስድ ከቧንቧው ብቻ ሳይሆን እናቲቱ ለልጇ ከምትሰጠው ኩባያም እንውሰድ። የነጻ ክሎሪን ቅሪት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በኪስ ይያዛል። ከታከመ ከ24 ሰዓት በኋላ በቤት ባለው ውኃ ውስጥ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቅሪት ከተገኘ ውኃው ገና መከላከያ አለው ማለት ነው። ይህ ቁጥር በየወሩ ሪፖርታችን ላይ አንድ ዓምድ ይሰጠው።

ሁለተኛው፣ ስለ ውኃ ስናስተምር ስለ ዕቃው እናስተምር። የክዳን ነገር፣ የአሸዋ እጥበት ነገር፣ ማንቆርቆር እንጂ አለመጥለቅ፤ እነዚህ ማንበብ የማይችል ሰው አንድ ጊዜ አይቶ የሚይዛቸው ናቸው። በአደጋ ጊዜ ርዳታ ለሚያድሉ ድርጅቶችም ከሚሰጡት ዱቄትና ብርድ ልብስ ጋር ክዳን ያለው ጠባብ አፍ ዕቃ እንዲያካትቱ፣ ያለ ዕቃ የታደለ የውኃ ማከሚያም ግማሽ ርዳታ መሆኑን እንንገራቸው።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ አባል በሚኖርበት ሠፈር እድር ውስጥ ይህን ሐሳብ ያቅርብ። ለዚህ ደብዳቤም በጀትም አያስፈልግም። አባልነታችሁና ሙያችሁ ይበቃል።

ውኃን እስከ ከተማው ማድረስ የብዙ ሺህ ሰዎች ሥራና የብዙ ዓመት ልፋት ነው፤ ከከተማው እስከ ኩባያው ማድረስ ግን የአንዲት እናት ሥራ ነው። ያን ሥራዋን የሚያግዛት ዕውቀት በእጃችን አለ፤ ዋጋውም የአንድ ክዳንና የጥቂት ጠብታ በረኪና ነው። ይህን ያህል ርካሽ የሆነ ዕውቀት በእኛ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ ወረርሽኝ ሲመጣ ለመሯሯጥ ብቻ መዘጋጀት ለሙያችን አይገባውም።